ጌጥ፣ ጉልበትና ልጓም፤ መኪናን የማሻሻል ጥበብ ታሪካዊ ጉዞ

የሰው ልጅ የእጁን ሥራ እንደ መጀመሪያው ቀን ትቶት አያውቅም። ገበሬ ሞፈሩን ለበሬዎቹ ቁመት፣ ማረሻውን ለመሬቱ ጠባይ ያስማማል፤ ሸማኔ መወርወሪያውን በእጁ ልክ ይመርጣል፤ ፈረሰኛም ኮርቻውን ለፈረሱ ጀርባ እንዲመች አድርጎ ያሠራል። በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ሞተር የሚነዳው ተሽከርካሪ ከፋብሪካ ወጥቶ ወደ ብዙኃኑ እጅ ሲገባ ይኸው የቆየ ጠባይ ተከትሎት ገባ። ፋብሪካው ለሁሉ ብሎ የሠራውን መኪና ባለቤቱ ለራሱ ዓላማ እንደገና ሊሠራው ተነሣ። ከዚህም የተነሣ ከመኪና ፋብሪካው ጎን ሌላ ኢንዱስትሪ፣ ይኸውም መኪናው ከተሸጠ በኋላ የሚገጠሙ የማሻሻያ ዕቃዎችን የሚያመርት ኢንዱስትሪ ተወለደ።

ይህ ኢንዱስትሪ ከልደቱ ጀምሮ ሁለት መልክ ነበረው። በአንድ በኩል የብረትን ጠባይ ያወቁ፣ የፈጠሩትን ነገር ፈትነው የሚያምኑ የእጅ ባለሙያዎች ቆመዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ጌጥን ጉልበት ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ተሰልፏል። ለመሆኑ በመኪና ላይ ከሚጨመረው ዕቃ መካከል ሩጫውንና አያያዙን በእርግጥ የሚያሻሽለው የትኛው ነው? ዐይን ብቻ የሚሞላውስ የትኛው? ጥያቄው ከኪስ ገንዘብ ያለፈ ትርጉም አለው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት በመንገድ አደጋ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይሞታሉ። አንድን መኪና ፈጣን አድርጎ ልጓሙን የዘነጋ ሰው ለራሱም ለመንገደኛውም ዕዳ ነው። ለጥያቄው መልስ የተገኘውም ከሻጮች አንደበት ሳይሆን ከመቶ ዓመት ፈተና ውስጥ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የብዙኃኑ መኪና

ሄንሪ ፎርድ ሞዴል ቲ የተባለውን መኪና በ1908 ለገበያ አቀረበ። ምርቱ በ1927 እስኪቆም ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ ተሠራ። ሞተሩ 2.9 ሊትር ሲሆን የሚያወጣውም ኃይል 20 የፈረስ ጉልበት ነበር። በደልዳላ መንገድ ላይ በሰዓት ወደ 70 ኪሎ ሜትር ሊሮጥ ይችል ነበር። እህሉን ወደ ገበያ ለሚያጓጉዝ ገበሬ ይህ ከበቂ በላይ ሆኖ ሳለ፣ በየጋራዡ የሚሠራው ወጣት መካኒክ ግን አልረካም።

የሞዴል ቲ ሞተር ቫልቮች ከሲሊንደሩ ጎን የተተከሉ ስለነበሩ የአየርና የቤንዚን ድብልቁ ተጠማዝዞ ገብቶ፣ ተቃጥሎ ተጠማዝዞ ይወጣ ነበር። ይህን ድክመት ያስተዋሉ ባለሙያዎች ቫልቮቹን ከሲሊንደሩ በላይ የሚያውል አዲስ ቴስታታ እየሠሩ መሸጥ ጀመሩ። ከእነዚህም አንዱ በዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት በራሲን ከተማ የተሠራው «ራጆ» ሲሆን፣ ሌላው የስዊስ ተወላጁ ሉዊ ሸቭሮሌና ወንድሙ አርተር ያወጡት «ፍሮንተናክ» የተባለው ነበር። በ1923 በኢንዲያናፖሊስ በተካሄደው የ500 ማይል ውድድር የፍሮንተናክ ቴስታታ የተገጠመለት ፎርድ፣ ለውድድር ብቻ ታስበው በብዙ ገንዘብ ከተሠሩት መኪኖች መካከል ተሰልፎ አምስተኛ ወጣ። በተራ ሰው መኪና ላይ የተጨመረ አንድ ብልህ ብረት ምን ሊሠራ እንደሚችል በአደባባይ ታየ።

ይሁን እንጂ ያው ዘመን ሌላውንም ገጽታ አብሮ አሳየ። የሞዴል ቲ የእግር ፍሬን የሚይዘው በማርሽ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ክፍል እንጂ ጎማዎቹን በቀጥታ አልነበረም። የእጅ ፍሬኑም የኋላ ጎማዎችን ብቻ የሚመለከት ሲሆን፣ የፊት ጎማዎች ጨርሶ ፍሬን አልነበራቸውም። ቴስታታ ቀይሮ የመኪናውን ኃይል ያበዛ ሰው፣ ለ20 የፈረስ ጉልበት የታሰበውን ፍሬን እንደያዘ ወደ መንገድ ይወጣ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ያለ ልጓም የተገኘው ፍጥነት በመጀመሪያው ቁልቁለት ዋጋውን ይጠይቅ ጀመር።

የደረቁት ሐይቆች ፍርድ

በ1932 ፎርድ ስምንት ሲሊንደር ያለውን ቪ-8 ሞተር ለተራው ገዢ በሚደርስ ዋጋ አወጣ። ሞተሩ 3.6 ሊትር፣ ኃይሉም በመጀመሪያ 65 የፈረስ ጉልበት ነበር። ጊዜው አሜሪካን የኢኮኖሚ ድቀት ያደቀቀበት ወቅት ስለነበረ የሎስ አንጀለስ ወጣት ሠራተኞች አዲስ የውድድር መኪና መግዛት የሚታሰባቸው አልነበሩም። አሮጌ ፎርድ በርካሽ ገዝተው ከወዳደቀ ብረት መካከል ዕቃ እየለቀሙ በገዛ እጃቸው ያበጁት ጀመር።

ከሎስ አንጀለስ በስተሰሜን፣ በሞሃቬ በረሃ ውስጥ ውኃቸው የደረቀ ሐይቆች አሉ። ወለላቸው ደረቅ ሸክላ፣ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ ሜዳ ነው። ሙሮክና ኤል ሚራዥ ከእነዚህ መካከል ስማቸው የታወቀ ነው። ወጣቶቹ በዕረፍት ቀናቸው ወደዚያ እየወጡ መኪናቸውን ይፈትኑ ነበር። በ1937 ክበቦቻቸው ተባብረው የደቡብ ካሊፎርኒያ የሰዓት መያዣ ማኅበርን አቋቋሙ። የማኅበሩ ስም ራሱ የሚናገረው ቁም ነገር አለ፤ ወጣቶቹን ያሰባሰባቸው መኪናን ማድነቅ ብቻ ሳይሆን ሰዓት መያዝ ነበር።

በሐይቁ ሜዳ ላይ ቀለም አይቆጠርም፤ ድምፅም አይቆጠርም። መኪናው የተለካውን ርቀት ይሮጣል፤ ሰዓቱም ፍርዱን ይሰጣል። ሰው ወዳጁን ሊያሞግስ ይችላል፤ ሰዓት ግን ወዳጅ የለውም። ወጣቶቹ ከዚህ ዳኛ የተማሩት የመጀመሪያው ትምህርት አስገራሚ ነበር። ጭቃ መከላከያውን፣ የፊት መስታወቱን፣ ትርፍ ወንበሩን ነቅለው ሲሮጡ ሰዓቱ ተሻሻለ። ምንም ሳይገዙ፣ ከመጨመር ይልቅ በመቀነስ ፍጥነት ተገኘ። የቀለለ መኪና በቶሎ ይነሣል፤ በቶሎም ይቆማል፤ ኩርባውንም በቀለለ ኃይል ይታጠፋል። ከሁሉም ማሻሻያ ርካሹና ብዙ ወገን የሚጠቅመው ክብደት መቀነስ መሆኑን ዛሬም የሚክድ መሐንዲስ የለም።

ከእነዚህ ሰዎች መካከል የቪክ ኤደልብሮክ ታሪክ የጎላ ነው። በካንሳስ ተወልዶ በካሊፎርኒያ ጋራዥ የከፈተው ይህ መካኒክ የ1932 ፎርድ ነበረው። በሥራ ቀን ወደ ሥራው የሚሄድበት፣ በዕረፍት ቀን በሐይቁ ላይ የሚወዳደርበት መኪና ያው አንዱ ነበር። በገበያ ያገኘው የአየር ማስገቢያ ቧንቧ ስላላረካው ሁለት ካርቡራቶር የሚሸከም የራሱን ነድፎ ሠራ። ኅዳር 1941 በሮዛሞንድ ሐይቅ ላይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ121 ማይል፣ ማለትም ወደ 195 ኪሎ ሜትር ሲመዘገብ የተመለከቱት ባለመኪኖች ያንኑ ዕቃ እንዲሠራላቸው ይለምኑት ጀመር። በስሙ የሚጠራው ኩባንያ መሠረት የተጣለው በዚህ ዓይነት ነበር። ዕቃው ገዢ ያገኘው አስቀድሞ ስለተፈተነ እንጂ አስቀድሞ ስለተወራለት አልነበረም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኤደልብሮክ የሞተር ኃይል የሚለካ መሣሪያ፣ ዳይናሞሜትር፣ ወደ ጋራዡ አስገባ። ከእንግዲህ ወዲህ ወደ በረሃ ሳይወጡ አንዱን ዕቃ ለውጦ መለካት፣ ሌላውን ለውጦ እንደገና መለካት ተቻለ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ የተለወጠውንም መመዝገብ የሳይንስ ሀሁ ነው። እነዚህ በዘይት የራሱ እጆች ይህን የተማሩት ከመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ ከሥራው ከራሱ ነበር። ስቱዋርት ሂልቦርን በ1948 ነዳጅን በግፊት የሚረጭ መሣሪያ የገጠመለት መኪና በደረቁ ሐይቅ ላይ 150 ማይልን ሲያልፍ፣ የጋራዥ ሙከራ የፋብሪካ መሐንዲሶች ገና ወዳልደረሱበት ዳርቻ ደርሶ ነበር።

ሆኖም የሐይቁ ዳኛ የማይመረምረው አንድ ነገር ነበር። ሜዳው ቀጥ ያለና ሰፊ ስለሆነ ኩርባም ድንገተኛ ማቆምም አልነበረበትም። በሐይቁ የሠለጠነው መኪና ወደ ከተማ ጎዳና ሲመለስ ግን መስቀለኛ መንገድና እግረኛ ይጠብቁት ነበር። በጎዳና ላይ የሚደረገው ሕገ ወጥ እሽቅድምድም ሕይወት እየቀጠፈ ሲሄድ ዋሊ ፓርክስና ጓደኞቹ በ1951 የመኪኖችን ደኅንነት እየመረመረ በተከለለ ሜዳ የሚያወዳድር ብሔራዊ ማኅበር አቋቋሙ። ፍጥነት ያለ ሥርዓት ከጥበብ እንደማይቆጠር ራሳቸው የፍጥነት አፍቃሪዎቹ መሰከሩ።

የሞተር ትንፋሽ

የሐይቁን ትምህርት ጠቅለል አድርጎ ለመረዳት ሞተርን በአየር የሚሠራ ወናፍ አድርጎ ማሰብ ይበቃል። ብዙ አየር በነፃነት የሚገባለት፣ የተቃጠለውም በነፃነት የሚወጣለት ሞተር ብዙ ቤንዚን በአግባቡ አቃጥሎ ብዙ ኃይል ያወጣል። የተሻለ ቴስታታ፣ የተሻለ የአየር ማስገቢያ ቧንቧ፣ ቫልቮችን ዘለግ ላለ ጊዜ የሚከፍት ካምሻፍት፣ መውጫው የማይጨናነቅ ማርሚታ፣ እነዚህ ሁሉ በአንድ ሐሳብ ሥር የሚጠቃለሉ ናቸው።

ነገር ግን ከሞተር በነፃ የሚገኝ ነገር የለም። ቫልቭን ለረጅም ጊዜ የሚከፍተው ካምሻፍት በከፍተኛ ዙር ኃይል ሲጨምር በዝቅተኛው ዙር ይቀንሳል። ለውድድር ሜዳ የሚበጀው ዕቃ በከተማ መንገድ ከቀይ መብራት ወደ ቀይ መብራት ለሚጓዝ ሰው መኪናውን የሚያደክም ይሆናል። እንዲሁም ሰፊ ካርቡራቶር ያለ ተስማሚ ቴስታታ፣ ተስማሚውም ቴስታታ ያለ ተስማሚ ማርሚታ ሲገጠም ቤንዚን ከመጨረስ በቀር የሚፈይደው ጥቂት ነው። አንዱ ብረት የሌላው ማኅበርተኛ ነው። ዕቃን ለየብቻው ሳይሆን በአንድነቱ ማየት ያልቻለ ገዢ ውድ ውድ ዕቃዎችን ሰብስቦ ደካማ መኪና ሊሠራ ይችላል።

ትንሿ መኪናና ትልቁ ተራራ

የአያያዝ ትምህርት የመጣው ቀጥ ያለ ሜዳ ከሌላት፣ መንገዷ ጠባብና ጠመዝማዛ ከሆነችው ከእንግሊዝ አገር ነው። ነሐሴ 1959 በኢዝሚር የተወለደው መሐንዲስ አሌክ ኢሲጎኒስ የነደፋት ሚኒ የተባለች መኪና ወጣች። ርዝመቷ ከ3 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ሞተሯ በአግድም ተጋድሞ የፊት ጎማዎችን የሚያሽከረክር፣ መጠኑም 848 ሲሲ ብቻ፣ ኃይሉ 34 የፈረስ ጉልበት ነበር። አሌክስ ሞልተን የነደፈው እገዳዋ በብረት ሞላ ምትክ የጎማ ቅንብር የያዘ ነበር። አራቱ ትንንሽ ጎማዎች በመኪናዋ አራት ማዕዘን ጫፍ ላይ ስለተተከሉ ኩርባ ላይ እንደ ድመት መሬቱን ቆንጥጣ ትይዝ ነበር።

ጆን ኩፐር ይህን አያያዝ አስተዋለ። ኩፐር በ1959ና በ1960 ጃክ ብራብሃም የዓለም ሻምፒዮን የሆነባቸውን የውድድር መኪኖች የሠራ ሰው ስለነበር በመኪና ላይ የሚጨመረውን ዕቃ ለመምረጥ ዕውቀት አላነሰውም። በ1961 በስሙ የወጣችው ሚኒ ኩፐር ሞተሯ ወደ 997 ሲሲ፣ ኃይሏም ወደ 55 የፈረስ ጉልበት ከፍ አለ። ሁለት ካርቡራቶርም ተገጠመላት። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሊስተዋል የሚገባው ግን የፊት ጎማዎቿ ፍሬን ከታምቡሮ ወደ ዲስክ መለወጡ ነው። ጉልበቱ ሲያድግ ልጓሙም አብሮት አደገ። በ1963 በ1071 ሲሲ ሞተር 70 የፈረስ ጉልበት ያላት ኩፐር ኤስ ስትመጣም የዲስኩ ስፋት እንደገና ጨመረ። በዊልትሻየር በዳውንተን መንደር ዳንኤል ሪችመንድ የተባለው ባለሙያ የሚኒን ቴስታታ መተንፈሻ በጥንቃቄ እየሞረደ ካለችው ትንሽ ሞተር ብዙ ኃይል በማውጣት ስሙን ያስጠራውም በዚሁ ዘመን ነው።

ፈተናው የሞንቴ ካርሎ ራሊ ነበር። የአልፕስ ተራራ የክረምት መንገድ በአንድ ሌሊት ደረቅ አስፋልት፣ ግግር በረዶና ጭቃ የሚቀበል ነው። በ1964 ፓዲ ሆፕኪርክ በሚኒ ኩፐር ኤስ አሸነፈ። በእርግጥ ትልቅ ቪ-8 ሞተር የተገጠመለት ፎርድ ፋልከን በፍጥነት ፈተናዎቹ ቀድሞ ነበር፤ ድሉ የተወሰነው የሞተርን መጠን በሚያገናዝብ ስሌት ነው። ነገር ግን ከአራት ጊዜ በላይ የሚበልጥ ሞተር የያዘ ተፎካካሪ ትንሿን መኪና በተራራ ላይ ሊርቃት አለመቻሉ ለአስተዋይ ሰው ከዋንጫው የበለጠ ይናገራል። በ1965 በከባድ የበረዶ ውርጅብኝ መካከል ፊንላንዳዊው ቲሞ ማኪነን ድሉን ደገመው። በ1967ም ራውኖ አልቶነን አሸነፈ። በ1966 በፊተኝነት የገቡት ሦስት ሚኒዎች ከሞተርም ከፍሬንም ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው በፊት መብራት ጉዳይ ከውድድሩ ተሰርዘዋል።

በእነዚህ ድሎች ጀርባ ከሞተር ይልቅ ጎማ ብዙ ሠርቷል። ቡድኖቹ ከተወዳዳሪው ቀድሞ መንገዱን የሚያይ ጓድ እየላኩ፣ በረዶው የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ እያስመዘገቡ ለእያንዳንዱ ክፍል የሚስማማውን ጎማ ይመርጡ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። መኪና መሬትን የሚነካው ስፋታቸው የሰው መዳፍ በሚያህል አራት ቦታዎች ብቻ ነው። የሞተሩ ጉልበት፣ የፍሬኑ ኃይል፣ የመሪው ትእዛዝ ሁሉ ወደ መሬት የሚደርሰው በእነዚያ አራት መዳፎች በኩል ነው። ጎማው ቀድሞ የሚንሸራተት ከሆነ ትልቅ ዲስክ መኪናውን ቶሎ አያቆመውም። የዲስኩ ጥቅም ደጋግሞ ሲያዝ ወይም ረጅም ቁልቁለት ሲወረድ ሙቀቱን ችሎ አለመድከሙ ነው። ፍጥነት ከ60 ወደ 120 ኪሎ ሜትር ሲያድግ ፍሬን የሚያጠፋው ኃይል እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ መሆኑም አይዘነጋም።

ጌጥ ጉልበትን ሲመስል

ይህ ሁሉ ተፈትኖ ከታወቀ በኋላ የማሻሻያ ዕቃ ንግድ በዓለም ዙሪያ ተስፋፋ። በአሜሪካ የፍጥነት ዕቃ አምራቾች በ1963 የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። ከገበያው መስፋፋት ጋር ግን የእውነተኛውን ዕቃ መልክ ብቻ የወሰደ ጌጥ በዛ። የውድድር መኪና ክንፍ በከፍተኛ ፍጥነት አየርን ገፍቶ ጎማውን ወደ መሬት የሚጫን መሣሪያ ነው። በከተማ ፍጥነት በሚሄድ፣ በፊት ጎማው በሚነዳ የቤት መኪና የኋላ ሽፋን ላይ የተለጠፈ ክንፍ ግን ክብደት ከመጨመር በቀር ሥራ የለውም። የሚጮህ ማርሚታ ጎረቤትን ይቀሰቅሳል እንጂ መኪናውን አያፈጥነውም። እጅግ የሰፋና የከበደ ቸርኬ ለዐይን ቢያምርም ሞተሩ ሊያሽከረክረው፣ ፍሬኑ ሊይዘው፣ አሞርዛተሩም ሊገራው ይቸገራል።

ከሁሉ የሚያሳስተው ደግሞ ሞላ ቆርጦ መኪናን ዝቅ ማድረግ ነው። መኪና ዝቅ ሲል ሚዛኑ እንደሚሻሻል እውነት ነው። ሆኖም ሞላውና አሞርዛተሩ ተጣጥመው ካልተለወጡ ጎማው የመንቀሳቀሻ ቦታ ያጣል። ጉድጓድ በበዛበት መንገድም እየዘለለ ከመሬት ይለያል። ከመሬት የተለየ ጎማ ደግሞ መሪም ፍሬንም አይሰማም። የእሽቅድምድም መኪና መልክ የተሰጠው ተሽከርካሪ በዚህ ዓይነት ፋብሪካው ከሠራው የከፋ ሆኖ ይገኛል።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል አየሯ የሳሳ ነው። አየርን በራሱ የሚስብ ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ከተሞች ተለክቶ የተጻፈ የፈረስ ጉልበት በእንጦጦ ዳገት ላይ አይገኝም። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሺ በ1905 መብት ያስመዘገበበት ሐሳብ፣ ማለትም በሚወጣው ጭስ ኃይል አየርን ጨምቆ ወደ ሞተር ማስገባት፣ በዛሬው አጠራር ተርቦ፣ በደጋ አገር ከጌጥነት አልፎ ፍሬ ያለው መድኃኒት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በሌላ በኩል ጭነት ለማብዛት ሲባል በመኪና ላይ ባሌስትራ መደረብ የተለመደ ነው። የተደረበው ባሌስትራ ሸክሙን ይችላል፤ ፍሬኑና ጎማው ግን ለፋብሪካው ልክ እንደተሠሩ ይቀራሉ። በረጅም ቁልቁለት ላይ ያለው አደጋ ከዚህ አለመመጣጠን ይወለዳል።

የምርጫው ቅደም ተከተል

ታሪኩ የሚያስተምረው ሥርዓት እንግዲህ ቀላል ነው። አስቀድሞ መኪናው ፋብሪካው ወደሠራበት ጤንነት ይመለስ፤ ያለቀ አሞርዛተር፣ የተበላ የፍሬን ሸራ፣ የቆሸሸ ካንዴላ ይለወጥ። አሮጌ መኪና በዚህ ብቻ የሚያገኘው ለውጥ ብዙ አዳዲስ ዕቃዎች ከሚሰጡት ይበልጣል። ቀጥሎ ለመንገዱና ለአየሩ የሚስማማ ጥሩ ጎማ ይመረጥ። ከዚያም ፍሬኑ፣ ከፍሬኑ ቀጥሎ እርስ በርስ የተጣጣሙ ሞላና አሞርዛተር ይምጡ። ትርፍ ክብደት ይነሣ። ሞተሩ ተራውን የሚያገኘው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እርሱም ከአየር መግቢያው እስከ ማርሚታው በአንድነት ታስቦ፣ ከተለወጠም በኋላ ተለክቶ።

ለእያንዳንዱ ዕቃ ደግሞ የሐይቁ ልጆች የተዉት ጥያቄ ይቅረብለት፤ ይህ ዕቃ በምን ተለክቶ ተሻለ? ያገኘውን ለማግኘትስ ምን ከፈለ? ሻጩ ለሁለቱ ጥያቄዎች በቁጥር መመለስ ከቻለ ዕቃው ይመረመር። ካልቻለ ግን መኪናውም ኪሱም እንደነበሩ ቢቆዩ ይሻላል። ከሙሮክ ሸክላ ሜዳ እስከ አልፕስ በረዶ ድረስ ስማቸው የቀረው ሰዎች ከሰዓትና ከሚዛን ፊት ለመቆም ያልፈሩት ናቸው።